ሀኪንግ በቁም ነገር የሚማሩ ሰዎች የት ይገኛሉ?

ጥያቄ፦ «የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የኮምፒዩተር ደህንነትና ሀኪንግ በቁም ነገር መማር እፈልጋለሁ። ባለፈው አንድ ዓመት ስምንት የሚሆኑ የቴሌግራም ግሩፖችና ሁለት የዲስኮርድ ሰርቨሮች ውስጥ ገብቻለሁ። አብዛኞቹ ውስጥ የሚወራው የሰው ፌስቡክ ስለመስበርና የተሰረቀ አካውንት ስለመሸጥ ነው። ሻል ያሉት ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ‹ጎግል አድርግ› አሉኝና አፍሬ ዝም አልኩ። የሚያስተምሩና የሚያርሙ ሰዎች ያሉበት ቦታ ካለ ንገሩኝ። ወይስ እንዲህ ያለ ቦታ የለም?»

ምላሽ፦

አለ። ያውም ብዙ። በነጻ የሚያስተምሩ፣ ስህተትህን ቁጭ ብለው የሚያርሙ፣ ለዓመታት የለፉበትን እውቀት ሳይሰስቱ የሚያካፍሉ ሰዎች አሉ። እኔም ያደግኩት በእነሱ እጅ ነው። ሥራዬ የድርጅቶችን ሲስተም በራሳቸው ፈቃድ መፈተሽና ያገኘሁትን ክፍተት ጽፎ ማስረከብ ነው። ከማውቀው ውስጥ አብዛኛውን የተማርኩት ፊታቸውን አይቼ ከማላውቃቸው ሰዎች ነው።

እስካሁን ያልተሳካልህ ስለሰነፍክ አይደለም። ችግሩ የፈለግክበት ቃል ነው። «ሀኪንግ» ብለህ ስትፈልግ ቀድሞ የሚመጣልህ ቃሉን ማጥመጃ ያደረገው ሰው ነው። ቁም ነገረኞቹ በዚያ ስም ተሰብስበው አታገኛቸውም። አንዱ የዌብ አፕሊኬሽን ክፍተት ያጠናል። ሌላዋ ያለቀለትን ፕሮግራም ፈታታ ውስጡን ታነባለች። ሌላው ቀኑን ሙሉ የኔትወርክ ትራፊክ ሲመረምር ይውላል። እነዚህ ሰዎች የሚገናኙት ሥራቸው ላይ ነው። አንድ ፈተና ሊፈቱ፣ አንድ መሣሪያ ሊያሻሽሉ፣ አዲስ የወጣ ክፍተት ሊረዱ ሲሉ ይገናኛሉ። አንተም መጀመሪያ ሥራውን ያዝ። ሰዎቹን እዚያው ታገኛቸዋለህ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ እነዚያ ግሩፖች አንድ ነገር ልበል። አካውንት ከሚሸጥባቸው ዛሬውኑ ውጣ። «እኔ እኮ እያየሁ ብቻ ነው» ልትል ትችላለህ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሬይድፎረምስ የሚባል የተሰረቀ መረጃ የሚሸጥበት መድረክ ነበር። በ2022 የበርካታ አገሮች ፖሊሶች ተባብረው ዘጉት (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ ነው)። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የአባላቱ መዝገብ ራሱ ሾልኮ ወጣ። ወደ 478 ሺህ የሚጠጉ አባላት የተጠቃሚ ስም፣ ኢሜይልና የተመዘገቡበት ቀን አደባባይ ላይ ዋለ። እንዲህ ያለ መዝገብ ላይ ነጋዴውና «እስቲ ልይ» ብሎ የገባው ጀማሪ ጎን ለጎን ነው የሚጻፉት።

ሌላው አደጋ በነጻ የሚታደለው «የሀኪንግ መሣሪያ» ነው። ጀማሪ ያወርደዋል፤ አንቲቫይረስ ሲጮህበት «የሀኪንግ መሣሪያ ስለሆነ ነው፣ አጥፋው» ይሉታል። እሱም ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ የእሱ ብቻ አይደለም። ይህ የሚደርሰው ጀማሪ ላይ ብቻ እንዳይመስልህ። በ2021 መጀመሪያ ጎግል ይፋ ያደረገው አንድ ዘመቻ ነበር። ከሰሜን ኮሪያ መንግሥት ጋር የተያያዙ ሰዎች የደህንነት ተመራማሪ መስለው ብሎግ ከፈቱ፤ ትዊተር ላይም ተከታይ አፈሩ። ከዚያ እውነተኛ ተመራማሪዎችን «አብረን እንሥራ» እያሉ በውስጡ ተንኮል ያለበት የኮድ ፕሮጀክት ላኩላቸው። ዒላማዎቹ የሙያው ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ከማታውቀው ሰው የመጣ ፋይል የሚከፈተው ለዚህ በተለየ ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒዩተርህ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒዩተር) ውስጥ ብቻ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ልማድ አድርገው።

አንድ ቦታ ቁም ነገረኛ መሆኑን ለማወቅ እኔ የምጠቀምበት ዘዴ አለ። ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። ስትገባ ምንም አትጻፍ። መፈለጊያው ላይ «ኢንስታግራም» ብለህ ጻፍና የቆዩ መልእክቶችን አንብብ። አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ «የፍቅረኛዬን ኢንስታግራም ክፈቱልኝ» ማለቱ አይቀርም። ምን እንደመለሱለት ተመልከት። ዋጋ ከነገሩት ውጣ። ሰድበው ካባረሩት ትንሽ ቆይተህ እይ። «ይህን እዚህ አንሠራም፤ የራስህ አካውንት ከተሰረቀብህ ግን የማስመለሻው መንገድ እንዲህ ነው» ካሉት ጥሩ ሰዎች ጋር ነህ። ቀጥለህ «ተሳስቻለሁ» የሚል ቃል ፈልግ። አዋቂ የሚባሉት ሰዎች ሲታረሙ ምን ይላሉ? በዚህ ሙያ ሁላችንም እንሳሳታለን። ማንም «ተሳሳትኩ» ብሎ የማያውቅበት ቦታ ላይ እውቀት አይገኝም፣ ጉራ እንጂ። በመጨረሻ መልሶቹን እይ። ሰው ሲመልስ ማስረጃ ያሳያል? የኮማንድ ውጤት ይለጥፋል? ሰነድ ይጠቅሳል? ወይስ «እመነኝ» ብቻ ነው የሚለው?

እንግዲህ ወደ ቦታዎቹ እንግባ።

ሊኑክስ የሚባለውን ስርዓተ ክወና ገና ካልተላመድክ መነሻህ ኦቨርዘዋየር የሚባለው ድረ ገጽ ይሁን። «ባንዲት» የሚባል ጨዋታ አለው። ከሌላ ሰርቨር ጋር በኤስኤስኤች (ኮምፒዩተርን ከርቀት ገብቶ በኮማንድ ማዘዣ መንገድ) ትገናኛለህ፤ በየደረጃው የተደበቀ ፓስወርድ ፈልገህ ወደሚቀጥለው ታልፋለህ። ከ30 በላይ ደረጃዎች አሉት። ስትጀምረው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ስትጨርሰው ግን ፋይል መፈለግ፣ የፋይል ፈቃድ ማንበብ፣ አንዱን ኮማንድ ከሌላው ጋር ማያያዝ ችለሃል። ማኅበረሰቡ መፍትሔ በግልጽ እንዳትለጥፍ ይጠይቅሃል። ይህን ደንብ ውደደው። እዚያ ስትጠይቅ የሚሰጡህ ፍንጭ እንጂ መልስ አይደለም፤ ፍንጭ መስጠት ደግሞ መልስ ከመስጠት በጣም ይከብዳል።

ፒኮሲቲኤፍ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ የሲቲኤፍ ውድድርና መለማመጃ ነው። ከ2013 ጀምሮ አለ። ሲቲኤፍ ማለት «ባንዲራ መያዝ» እንደማለት ነው፤ የተደበቀ ጽሑፍ አግኝተህ ታስረክባለህ። የተሠራው በዋናነት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለሆነ አያስፈራም። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው።

እኔ ግን እንዳንተ ላለ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ከሁሉም አስበልጬ የምመርጠው ፖን ኮሌጅን ነው። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለራሳቸው ተማሪዎች ሠርተውት ለዓለም የከፈቱት ነው። ትምህርቱ በቪዲዮ ይሰጣል። ልምምዱ የሚሠራው ብራውዘርህ ውስጥ ስለሆነ ጠንካራ ኮምፒዩተር አይፈልግም። እንደ ካራቴ የቀበቶ ደረጃ አለው። ከመሠረታዊ የሊኑክስ ትእዛዝ ይነሳል፤ ወደ አሴምብሊ (ለማሽኑ ቋንቋ በጣም ወደቀረበው የፕሮግራም ቋንቋ) ይገባል፤ ሜሞሪ እንዴት እንደሚበላሽና ያ ብልሽት እንዴት መቆጣጠሪያ እንደሚሆን ያሳይሃል፤ ቀስ እያለ እስከ ከርነል፣ እስከ ስርዓተ ክወናው እምብርት ድረስ ይወስድሃል። ለምን እንደምወደው ልንገርህ። ብዙ ቦታ መሣሪያ መጫን ያስተምሩሃል። እዚህ ግን መሣሪያው ለምን እንደሚሠራ ነው የምታየው። ዲስኮርዱ ላይ ትምህርቱን ቀድመው የጨረሱ ሰዎች አሉ፤ ያለፉበት መንገድ ስለሆነ የት ላይ እንደተጣበቅክ ቶሎ ይገባቸዋል።

ዌብ ላይ ማተኮር ካማረህ ፖርትስዊገር የሚባለው ድርጅት በነጻ የከፈተው ዌብ ሴኩሪቲ አካዳሚ አለ። ስለ እያንዳንዱ ዓይነት ክፍተት ታነባለህ፤ ወዲያው እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ትሞክረዋለህ። ኦዋስፕን አብረህ ያዝ። ከ2001 ጀምሮ ያለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። በብዙ አገር የአባላት ቅርንጫፎች አሉት፤ ስብሰባዎቻቸውም ለእንግዳ ክፍት ናቸው። ጁስ ሾፕ የሚባል ሆን ተብሎ በክፍተት የተሞላ የግብይት ድረ ገጽ አላቸው፤ ራስህ ኮምፒዩተር ላይ ጭነህ እንደፈለግክ ትሰብረዋለህ። ትራይሀክሚና ሀክ ዘ ቦክስ የሚባሉት መለማመጃ ገጾችም ጥሩ ናቸው። የመጀመሪያው እጅህን ይዞ ይመራሃል፤ ሁለተኛው ሜዳ ላይ ይለቅሃል። ሁለቱም ነጻ ክፍል አላቸው። በገንዘቡ አትቸኩል፤ ነጻው ራሱ ለወራት ይበቃሃል።

ለንባብና ለጥያቄ የሚሆኑ ቦታዎችም አሉ። ስታክ ኤክስቼንጅ «ኢንፎርሜሽን ሴኩሪቲ» የሚባል ክፍል አለው። ጥሩ መልስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ደካማው ይወርዳል፤ ከአሥር ዓመት በፊት የተጻፈው ዛሬም ይገኛል። ሬዲት ላይ «ኔትሴክ» የሚባለው ለከበዱ ቴክኒካዊ ጽሑፎች ነው። ለጀማሪ ጥያቄ የተከፈተው «ኔትሴክ ስቱደንትስ» ነው። ይህን ልዩነት ልብ በል። አንዱ ቦታ ላይ የሚያስቆጣ ጥያቄ ሌላው ቦታ ላይ ደስ ብሏቸው ይመልሱታል። ዲስኮርድና ቴሌግራም ለወሬና ለወዳጅነት ጥሩ ናቸው፤ ለእውቀት ማከማቻ ግን አይመቹም። ትናንት የተሰጠ ግሩም መልስ ዛሬ ከሁለት ሺህ መልእክት ሥር ነው። ስለዚህ እዚያ ጥሩ ነገር ስታይ ወዲያው ወደ ራስህ ማስታወሻ ገልብጠው።

አሁን ወደ ቆሰልክበት ነገር ልምጣ። «ጎግል አድርግ» የሚለው መልስ ጥሩ መልስ አይደለም። ሰው አፍሮ እንዲወጣ ያደርጋል፤ አንተንም አስወጥቶሃል። ግን የዚያን ሰው ወገን ሆነህ ለአፍታ አስብ። በቀን ሃያ ሰው መጥቶ «አይሠራልኝም፣ ምን ላድርግ?» ይለዋል። ምን እንዳልሠራ አያውቅም። ምን እንደሞከርክ አያውቅም። ሊረዳህ ቢፈልግ እንኳ ከየት ይጀምራል?

በብዛት የማየውን አንድ ምሳሌ ልውሰድ። አንድ ጀማሪ ቨርቹዋልቦክስ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ይጭናል። አንዱ ለደህንነት ፍተሻ የተዘጋጀው ካሊ ሊኑክስ ነው። ሌላው ሜታስፕሎይተብል የሚባለው ለልምምድ ተብሎ በክፍተት የተሞላ ሲስተም ነው። ከካሊ ሆኖ ኤንማፕ በሚባለው መሣሪያ የሌላውን ማሽን ፖርቶች፣ ማለትም የኔትወርክ መግቢያ በሮቹን ይፈትሻል። ከዚያ እንዲህ ይጽፋል፦ «ኤንማፕ ምንም ፖርት አያገኝልኝም፣ እርዱኝ።» ዝምታ። ከአንድ ሰዓት በኋላ «ማንም የለም እንዴ?» አሁንም ዝምታ። ከዚያ አንዱ «ጎግል አድርግ» ይለዋል።

ያው ጥያቄ እንዲህ ቢጻፍስ? «ቨርቹዋልቦክስ ላይ ካሊና ሜታስፕሎይተብል አሉኝ። የሁለቱም የኔትወርክ ምርጫ ኤንኤቲ ነው። ከካሊ ሆኜ ሌላውን ማሽን ስካን ማድረግ ፈልጌ ነበር። ሜታስፕሎይተብል ላይ አይፒውን ስጠይቅ 10.0.2.15 አለኝ። ያን አድራሻ በኤንማፕ ስካን ሳደርግ 1000ውም ፖርቶች ዝግ ናቸው ይለኛል። የጠበቅኩት ብዙ ክፍት ፖርት ነበር። ፒንግ ይመልሳል። ሁለቱንም ማሽን አጥፍቼ አብርቻለሁ፤ ለውጥ የለም። ውጤቱን ከሥር ለጥፌዋለሁ።»

ይህን ያነበበ ሰው በሰላሳ ሰከንድ ይመልሳል። ቨርቹዋልቦክስ በኤንኤቲ ምርጫ ላይ እያንዳንዱን ማሽን ለብቻው ያጥረዋል። በተለምዶ ለሁሉም የሚሰጠው አድራሻ አንድ ነው፤ 10.0.2.15። ካሊውም 10.0.2.15 ነው። ስለዚህ ጠያቂው ስካን ያደረገው የራሱን ማሽን ነው። «አለህ?» ብሎ ለጠየቀበት ፒንግም የመለሰለት ራሱ ነው። መፍትሔው ሁለቱንም ሆስት ኦንሊ ወደሚባለው ኔትወርክ መቀየር ነው። ያኔ ይተያያሉ፤ በክፍተት የተሞላው ማሽንም ከኢንተርኔት እንደተለየ ይቆያል።

ፍንጩ የት እንደነበረ አየህ? «ዝግ» የሚለው ቃል ውስጥ ነው። ኤንማፕ ፖርቱ ዝግ ነው ሲል ከወዲያ ወገን መልስ መጥቷል ማለት ነው፤ ማሽኑ አለ፣ በዚያ በር ግን የሚያስተናግድ የለም። «ፊልተርድ» ካለ ግን ኤንማፕ በሩ ይከፈት ይዘጋ መለየት አልቻለም፤ ብዙ ጊዜ ፋየርዎል ጥያቄውን ውጦታል። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያየ ታሪክ ነው የሚናገሩት። የመጀመሪያው ጠያቂ ግን ውጤቱን ስላልለጠፈ ፍንጩን ይዞ ቀረ።

እንግዲህ ስትጠይቅ ምን ልትሠራ እንደፈለግክ፣ ምን እንዳደረግክ፣ ምን እንደጠበቅክ፣ ምን እንደመጣ፣ ከዚያ ምን እንደሞከርክ ጻፍ። የኮማንዱን ውጤት በጽሑፍ ለጥፍ፤ በስልክ የተነሳ ደብዛዛ የስክሪን ፎቶ ማንም ማንበብ አይወድም። ከመለጠፍህ በፊት ፓስወርድ፣ የራስህ ስም፣ የግል ቁልፍ ውስጡ አለመኖሩን እይ። በእንግሊዝኛህ አትፈር። አብዛኛው ንግግር በእንግሊዝኛ ነው፤ ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ ግን አፋቸውን የፈቱት በሌላ ቋንቋ ነው። የተለጠፈ ውጤት ካለ የተሰባበረ ዓረፍተ ነገር ማንንም አያግድም። እኔ ራሴ ጥያቄዬን እንዲህ አድርጌ ስጽፍ ሳልልከው መልሱን ያገኘሁበት ጊዜ ስፍር ቁጥር የለውም።

መልስ ስታገኝ ደግሞ ተመልሰህ «ሠርቷል፣ ችግሩ ይህ ነበር» ብለህ ጻፍ። አንድ መስመር ይበቃል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ችግር የሚገጥመው ሰው ያን መስመር ያገኛታል። ስምህንም ሰዎች ማስታወስ የሚጀምሩት ከዚያ ነው።

ከመጠየቅ ቀጥሎ ያለው ደረጃ መጻፍ ነው። ሲቲኤፍ የሚጫወቱ ሰዎች አንድን ፈተና እንዴት እንደፈቱ ይጽፋሉ፤ ራይትአፕ ይሉታል። ሲቲኤፍታይም የሚባለው ገጽ በዓለም ላይ የሚካሄዱ ውድድሮችን የቀን መቁጠሪያና ከውድድሩ በኋላ የወጡ ራይትአፖችን በአንድ ቦታ ይሰበስባል። በአብዛኛው የሳምንት መጨረሻ አንድ ውድድር አይጠፋም። የምመክርህ እንዲህ ነው። አንድ ውድድር ግባ። ምንም ባትፈታ ግድ የለም። አንድ ፈተና ምረጥና ሁለት ቀን ታገለው። ውድድሩ ካለቀ በኋላ የሦስት ቡድኖችን ራይትአፕ አንብብ። አንተ የቆምክበትን ቦታ እነሱ እንዴት እንዳለፉት ፈልግ። ከዚያ ዘግተህ በራስህ እጅ ድገመው። በመጨረሻ የራስህን ራይትአፕ ጻፍ፤ የተሳሳትክበትን መንገድ ጭምር። ማንም የማያነበው ሊመስልህ ይችላል። ከጊዜ በኋላ ግን አንድ ሰው መጥቶ «ሦስተኛው እርምጃህ ሊያጥር ይችል ነበር» ይልሃል። የፈለግከው አራሚ እንግዲህ ያ ነው። ደንቡን ብቻ ጠብቅ፤ ለምሳሌ ሀክ ዘ ቦክስ ላይ መፍትሔ የሚወጣው ማሽኑ ጡረታ ከወጣ፣ ማለትም ከውድድሩ ከተነሳ በኋላ ነው።

ጥሩ ጽሑፍ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግክ አንድ ልጠቁምህ። በማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ገንቢ ኦኤስኤስ ሴኩሪቲ ወደሚባለው የኢሜይል መድረክ አንድ መልእክት ላከ። ሰውየው የደህንነት ተመራማሪ አይደለም። ሌላ ሥራ እየለካ ሳለ የኤስኤስኤች መግቢያ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ሌላ ሰው ዝም ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ተከተለው፤ ተከትሎም ኤክስዜድ የሚባል ፋይል ማመቂያ ውስጥ ደረሰ። እዚያ አንድ ሰው ሆን ብሎ የደበቀው የጓሮ በር (በስውር ወደ ማሽን መግቢያ) አገኘ። በሩን ያስገባው ጂያ ታን በሚል ስም ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሲያግዝና እምነት ሲያተርፍ የቆየ ተሳታፊ ነበር። በሩ የተገኘው አብዛኞቹ የተረጋጉ የሊኑክስ ስርጭቶች ውስጥ ሳይገባ ነው።

ያን መልእክት ፈልገህ አንብብ። ፍሮይንድ ምን እንዳየ፣ እንዴት እንደለካው፣ የቱን እንዳረጋገጠና የቱን ገና እንዳልተረዳው ለይቶ ጽፏል። አጉል ፉከራ የለበትም። ከዚያ ሥር የመጡትን ምላሾች ተከተል። ሰዎች አንዱ ከሌላው እየተቀበሉ ቁራጩን ሲገጣጥሙት ታያለህ። መድረኩ ክፍት ነው። ማንም ያነባል፤ ምዝገባም አያስፈልግም። ቁም ነገረኛ ማኅበረሰብ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለኝም። መጀመሪያ ላይ ግማሹ አይገባህም። እኔም አልገባኝም ነበር። በሳምንት አንድ ጽሑፍ ምረጥ፤ ያልገባህን ቃል አውጥተህ ፈልግ። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰህ የመጀመሪያውን ስታነበው ልዩነቱን ታየዋለህ።

የንግግር ቪዲዮዎችም አሉ። ዴፍ ኮን ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ የሀከሮች ጉባኤ ነው፤ ንግግሮቹን በነጻ ይለቃል። በ1981 በርሊን የተመሠረተው ካኦስ ኮምፒዩተር ክለብም እንዲሁ። ግን ቪዲዮ ማየትን ከመማር ጋር አታምታታው። አንድ ሰዓት ካየህ ሦስት ሰዓት እጅህን አሠራ።

ሕጉን በሚመለከት አጭር ነገር ልበል፤ ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚሰናከለው እዚህ ነው። የራስህ ያልሆነን ሲስተም ያለ ፈቃድ መንካት በአብዛኛው አገር ወንጀል ነው። «ጉዳት ላደርስ አልነበረም» የሚለው አያድንም። ሮበርት ሞሪስ በኖቬምበር 1988 የለቀቀው ትል (ራሱን እያባዛ ከማሽን ማሽን የሚዛመት ፕሮግራም) በወቅቱ ግምት ወደ 6 ሺህ ማሽኖችን ያዘ። የኢንተርኔቱን ስፋት ለመለካት ነበር የተባለለት። ፍርድ ቤት ግን ጥፋተኛ አለው፤ የሦስት ዓመት ገደብ፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና የገንዘብ ቅጣት ወሰነበት። እሱም እንዳንተ ተማሪ ነበር። አንተ የምትለማመድበት ቦታ ሞልቶልሃል። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁሉ «ስበሩን» ብለው የተዘጋጁ ናቸው። የኤንማፕ ባለቤቶች እንኳ «ስካንሚ» የሚባል አድራሻ ለሙከራ ከፍተዋል፤ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ሞክሩት ይላሉ። እውነተኛ ድርጅት ላይ መሞከር ሲያምርህ ሀከርዋንና ባግክራውድ የመሳሰሉ የባግ ባውንቲ (ክፍተት ላገኘ ሰው ሽልማት የሚሰጥባቸው) መድረኮች አሉ። ድርጅቱ የቱን መንካት እንደምትችል ጽፎ ያስቀምጣል። ያን ገጽ ከቴክኒኩ በፊት አንብብ፤ ከወሰኑ አንዲት እርምጃ አትውጣ። ይህ ግን ለዓመቱ መጨረሻ ይቆይህ። አሁን ቸኩለህ ብትገባ ብስጭት ብቻ ነው የምታተርፈው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ብዙ ጀማሪ «መምህር የሚሆነኝ አንድ ሰው» እያለ ይፈልጋል። አዋቂ ሰው ጋ ሄዶ «አስተምረኝ» ማለት ብዙም አይሳካም፤ ጊዜ የለውም። «በግል ላስተምርህ፣ ክፈል» እያለ ውስጥ መስመር የሚመጣብህን ደግሞ በጥርጣሬ እየው። ከዚያ ይልቅ እንዳንተ የሚማሩ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ፈልግ። ፖን ኮሌጅ ወይም ፒኮሲቲኤፍ ዲስኮርድ ላይ አንተ ባለህበት ደረጃ የሚጠይቁ ሰዎችን ልብ በልና «በዚህ ሳምንት መጨረሻ አብረን ሲቲኤፍ እንሞክር?» በላቸው። አንዱ ክሪፕቶግራፊ ይወዳል፣ አንዷ ዌብ፣ አንዱ ደግሞ ሌሊት የማይተኛ ሊሆን ይችላል። እርስ በርስ ታስረዳላችሁ። ለሌላ ሰው ሳስረዳ ነው እኔ ራሴ እንዳልገባኝ የገባኝ፤ ደጋግሞ ደርሶብኛል። የእኔ የመጀመሪያ ቡድን አራት ሰው ነበር። ውድድር አሸንፈን አናውቅም። ሦስቱን እስከ ዛሬ ሲቸግረኝ እጠይቃቸዋለሁ።

በል እንግዲህ፣ ዛሬ ማታ ጀምር። የኦቨርዘዋየርን የባንዲት ገጽ ክፈት። ፖርቱ 2220 ነው። የተጠቃሚው ስም ባንዲትና ዜሮ ቁጥር ነው፤ ፓስወርዱም ያው ራሱ ነው። የመጀመሪያው ቁልፍ «ሪድሚ» የሚል ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። በቀን አንድ ሰዓት ስጠው። 12ኛው ደረጃ ላይ ደጋግሞ የታመቀ ፋይል ይገጥምሃል፤ ብዙ ሰው እዚያ ይቆማል። አንተም ከቆምክ ከላይ ባልኩህ መንገድ ጥያቄህን ጽፈህ ማኅበረሰቡ ላይ ለጥፍ። ቅጂውን ለእኔም ላክልኝ፤ አነበዋለሁ።